ራሊን ከሹፌሩ ወንበር ማየት

ከጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ኮንቴነር ጭኖ ወደ ጋላፊ የሚወጣ ሹፌር እንጀራው መንገድ ማንበብ ነው። ዲኪልን አልፎ ወደ ዮቦኪ ሲያቀና የትኛው ጉድጓድ ጎማ እንደሚቀድ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ተሳቢው እንደሚገፋ፣ ከፊት ያለው መኪና አቧራ ሲያስነሳ ምን ያህል መራቅ እንደሚበጅ ከማንም በላይ ያውቃል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። የዶራሌ የኮንቴነር ተርሚናል በ2009፣ ሁለገብ ወደቡ ደግሞ በ2017 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በዚህ መንገድ ተመላልሶ ዓይኑን የሳለ ኢትዮጵያዊ አሽከርካሪ ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመኪና ራሊን ለመረዳት ከዚህ ዓይነቱ ዓይን የተሻለ መነሻ የለም። ሆኖም ራሊን በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው፣ ልምድ ያለው ሹፌርም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። መኪኖቹ ለምን አይቀዳደሙም? ማን እየመራ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከጎን የተቀመጠው ሰው ያለ ፋታ የሚያነበው ምንድን ነው? ተፎካካሪ የሚባሉት ሁለቱ አሽከርካሪዎች አንድ ላይ የማይታዩት ለምንድን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በአብዛኛው በመኪናው ውስጥ ከተገጠመችው ትንሽ ካሜራ ነው። ስለዚህ ካሜራዋ ምን እንደምታሳይና ምን እንደምትደብቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሳይተያዩ የሚፎካከሩ

በፎርሙላ ዋን ሁሉም መኪኖች አንድ ላይ ተሰልፈው ይነሳሉ፤ የቀደመውን ዓይን ያየዋል። በራሊ መኪኖቹ የሚለቀቁት አንድ በአንድ ነው፤ በመካከላቸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ አለ። አቧራ በበዛበት አገር ክፍተቱ ይሰፋል፤ ከፊት የሄደው ያስነሳው አቧራ ሳይረግፍ የሚከተለው ቢለቀቅ መንገዱን አያየውምና።

ለትራፊክ ተዘግቶ በሙሉ ፍጥነት የሚነዳበት መንገድ ስቴጅ ይባላል። አንድ ራሊ በሦስት ወይም በአራት ቀናት ውስጥ የሚሮጡ ብዙ ስቴጆች አሉት። የእያንዳንዱ ስቴጅ ሰዓት እስከ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ድረስ ይለካል፤ ሁሉም ተደምሮ ትንሹ ሰዓት ያለው ያሸንፋል። ከአንዱ ስቴጅ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ግን ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑም እንደ ማንኛውም ሰው የትራፊክ ሕግ ያከብራል።

ስለዚህ ሁለት ኃይለኛ ተፎካካሪዎች ሙሉ ዓመት ሲሟገቱ ቆይተው በውድድር መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሳይቆሙ ሊቀሩ ይችላሉ። አንዱ ኩርባውን ሲጨርስ ሌላው ገና መነሻው ላይ ነው። ፉክክሩ ያለው በሰዓቱ ውስጥና በሁለቱ ሰዎች ውሳኔ ውስጥ ነው። ሰዓቱን ሰንጠረዥ ያሳየናል፤ ውሳኔውን የሚያሳየን የውስጥ ካሜራው ብቻ ነው።

አንባቢው ምን ያነባል?

ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው ናቪጌተር ይባላል። ከውድድሩ በፊት ሁለቱ ሰዎች በተራ መኪናና በተወሰነ ፍጥነት ስቴጁን ይጎበኛሉ፤ በዓለም ሻምፒዮና ለዚህ የሚፈቀደው ሁለት ጊዜ ማለፍ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሹፌሩ ያየውን ይናገራል፣ ናቪጌተሩ ይጽፋል። በሁለተኛው ዙር ናቪጌተሩ ያነባል፣ ሹፌሩ ያርማል። በውድድሩ ቀን የሚሰማው ጽሑፍ ይህ ነው።

ማስታወሻው አቅጣጫን፣ የኩርባውን ጥበት፣ ርቀትንና አደጋን ይይዛል። ብዙዎች ጥበቱን ከአንድ እስከ ስድስት ባሉ ቁጥሮች ይገልጻሉ፤ በአንዳንዶቹ አንድ ማለት በጣም ጠባቡ ኩርባ ነው፣ በሌሎቹ የተገላቢጦሽ ነው። «ቀኝ አራት፣ ይጠባል፣ አትቁረጥ፣ ሰማንያ፣ ግራ ሁለት ከጉብታ በኋላ» ዓይነት ንባብ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። «አትቁረጥ» ሲባል በኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጎማ የሚቀድ ድንጋይ ወይም ቦይ አለ ማለት ነው። ሰማንያው እስከሚቀጥለው ኩርባ ያለው ርቀት በሜትር ነው።

የዚህን ጥበብ ኃይል ካሳዩ የመጀመሪያዎቹ ስመ ጥር ሰዎች ሁለቱ እንግሊዛውያን ናቸው። በ1955 ስተርሊንግ ሞስ በጣሊያን የሚሌ ሚሊያ ውድድር ሲነዳ ጋዜጠኛው ዴኒስ ጄንኪንሰን ከጎኑ ተቀምጦ፣ አስቀድሞ ያዘጋጀውን የመንገድ ማስታወሻ አምስት ሜትር ገደማ በሚረዝም የወረቀት ጥቅል ላይ ይከታተል ነበር። በሞተሩ ጩኸት መደማመጥ ስላልተቻለ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በእጅ ምልክት ነው። በአማካይ በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው አሸነፉ። ዛሬ ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩት በራስ ቁር ውስጥ በተገጠመ ማይክሮፎን ነው፤ እኛም የምንሰማው ያንኑ ድምፅ ነው።

ስለዚህ የውስጥ ካሜራ ምስል ሲታይ ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። የናቪጌተሩን ቋንቋ አለማወቅ ብዙ አያግድም። ንባቡ ከኩርባው ምን ያህል ቀድሞ እንደሚደርስ፣ መንገዱ ሲፈጥን እንዴት እንደሚፈጥን፣ አደገኛ ቦታ ሲቃረብ ድምፁ እንዴት እንደሚጠነክር ይሰማል። ንባቡ አንድ ኩርባ ዘግይቶ ከመጣ ሹፌሩ በግምት ነድቷል ማለት ነው፤ ጥቂት ሰከንዶች የጠፉበትን ቦታ ተመልካቹ ራሱ ሊያገኘው ይችላል።

ካሜራው የሚያሳየውና የሚደብቀው

በዛሬው የራሊ መኪና ውስጥ ከአንድ በላይ ካሜራ ይገጠማል። አንዱ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ሆኖ መንገዱን፣ የሹፌሩን እጅና መሪውን ያሳያል። ሌላው ከፊት ወደ ኋላ ዞሮ ሁለቱን ፊቶች ይይዛል። ከውጭ በኩል በጣሪያው ወይም በፊተኛው አካል ላይ የሚገጠምም አለ። ምስሉ በቀጥታ ለተመልካች እንዲደርስ በስቴጁ ላይ ከፍ ብሎ የሚዞር አውሮፕላን ምልክቱን ከመኪኖቹ ተቀብሎ ወደ ምድር ጣቢያ ያስተላልፋል። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ሁሉንም ስቴጅ በቀጥታ ማሳየት የጀመረው በ2018 ነው። ከዚያ በፊት ደጋፊው የሚያየው በአብዛኛው ከውድድሩ በኋላ የተቀነባበረ አጭር ዝግጅት ነበር።

ካሜራው ብዙ ነገር ይሰጠናል። የመሪው እንቅስቃሴ ትንሽና የተረጋጋ ከሆነ መኪናው ታዛዥ ነው። ሹፌሩ በየኩርባው መሪውን ደጋግሞ የሚያርም ከሆነ ወይ ጎማው አልቋል ወይ ማስታወሻው ተዛብቷል ወይ ድፍረቱ ከመንገዱ በልጧል። ፍሬን የተያዘበት ቦታ፣ ማርሽ የተቀየረበት ቅጽበት፣ የእጅ ፍሬን የተሳበበት ጠባብ ኩርባ፣ ከመኪናው ሆድ ስር ድንጋይ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ሁሉም መረጃ ነው።

የሚደብቀውም አለው። መስኩ ሰፊ የሆነ ሌንስ ሁሉንም ነገር ያርቃል፤ አቀበቱንና ቁልቁለቱን ያስተካክለዋል፤ ጠባቡን መንገድ ሰፊ ያስመስላል። ንዝረትን የሚያጠፋ ቴክኖሎጂ ሲጨመርበት ኮረኮንቹ አስፋልት ይመስላል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ለተመልካቹ ቀስ ብሎ የሚንሸራሸር የሚመስለው ለዚህ ነው። ካሜራው የሹፌሩን እግር ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ በግራ እግር ፍሬን፣ በቀኝ እግር ነዳጅ አንድ ላይ የሚሠራው ጥበብ ከዓይናችን ይሰወራል። የጎማው ሙቀትና በመሪው ላይ የሚመጣው ስሜት ደግሞ በምንም ምስል አይተላለፍም።

ደጋፊዎች የሚከራከሩባቸው ነጥቦች

በራሊ ወዳጆች መካከል ስለ ስርጭቱ ያለው ክርክር አሮጌ ነው፤ በሦስት ጉዳዮች ላይ ይሽከረከራል።

የመጀመሪያው ከውስጥ ይታይ ወይስ ከውጭ የሚለው ነው። የውጩን ምስል የሚመርጡት እውነት አላቸው። መኪናው ከጉብታ ላይ ሲዘል፣ በኩርባ ላይ ጭራውን ጥሎ ሲንሸራተት፣ አቧራውን እንደ ግድግዳ ሲያቆም ፍጥነቱ የሚታወቀው ከመንገድ ዳር ወይም ከሄሊኮፕተር ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙሬ የሠራው «ክላይምብ ዳንስ» የተባለው አጭር ፊልም ነው። ፊንላንዳዊው አሪ ቫታነን በ1988 አሜሪካ የሚገኘውን የፓይክስ ፒክ ተራራ በፔዦ መኪና ሲወጣ ያሳያል። ፊልሙ ዛሬም የሚወደደው ሁለቱን ዓይኖች ስላዋሃደ ነው። ከሰማይ የገደሉን ጥልቀት ካየን በኋላ ወደ ውስጥ ገብተን፣ ቫታነን ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ሲገባበት አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ሲከልል እናያለን። የገደሉን ጥልቀት ባናይ ኖሮ የእጁ ትርጉም አይገባንም ነበር።

ሁለተኛው ክርክር ስለ መቆራረጥ ነው። የቀጥታ ስርጭት አዘጋጅ ብዙ መኪኖችን ማሳየት ስላለበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ደጋፊው ግን አንድ ሹፌር በስቴጁ ውስጥ ሲያድግ ወይም ሲደክም ማየት ይፈልጋል። ሃያ ሰከንድ የሚቆይ ቁራጭ ጀብዱን ብቻ ያሳያል። ራሊ የሚረታበትና የሚሸነፍበት ሥራ ያለው በሃያኛው ደቂቃ ላይ፣ ጎማው ሳስቶ ትኩረት ሲዝል ነው። እኔም ከእነዚህ ወገን ነኝ፦ አንድ ስቴጅ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይቆረጥ ማየት ከአሥር የመገልበጥ ቪዲዮ የበለጠ ያስተምራል።

ሦስተኛው ስለ ድምፅ ነው። ተንታኙ በናቪጌተሩ ንባብ ላይ ሲደርብበት ተመልካቹ ቁልፉን ያጣል። ጥሩ ተንታኝ በአስቸጋሪው ቦታ ዝም ይላል፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ሲደርስ ያብራራል። የድምፁ ጉዳይ በ2025 ሌላ መልክም ያዘ። ፈረንሳዊው አድሪያን ፉርሞ በስዊድን ራሊ በስቴጅ ማብቂያ ቃለ ምልልስ ላይ በተናገረው ጸያፍ ቃል 10 ሺህ ዩሮ ተቀጣ፤ ሌላ 20 ሺህ ዩሮ ደግሞ ከደገመ እንዲከፍል ተወሰነበት። በወሩ በኬንያ ሳፋሪ ራሊ ዋና ዋናዎቹ አሽከርካሪዎች ተቃውሟቸውን በአንድነት አሳዩ፤ በስቴጁ ማብቂያ ማይክሮፎን ሲቀርብላቸው ወይ ዝም አሉ ወይ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ብቻ መለሱ። እርስ በርሳቸው በሰከንድ አሥረኛ የሚናጠቁ ሰዎች በዚያ ቀን አንድ ወገን ሆነው ቆሙ። ስለ ፉክክራቸው የምንሰማው ወሬ ይህንንም መጨመር አለበት።

መንገዱ ለሁሉም አንድ አይደለም

የሁለት አሽከርካሪዎችን ምስል ስናነጻጽር አንድ ነገር ካልያዝን በፍርድ እንሳሳታለን። ኮረኮንች መንገድ ላይ ቀድሞ የሚሄደው መኪና ልቅ ጠጠሩንና አቧራውን ይጠርጋል። ከኋላው የሚመጡት የጠራ፣ ጎማ የሚይዝ መስመር ያገኛሉ። በመጀመሪያው ቀን ፊት የሚለቀቀው ሻምፒዮናውን የሚመራው ሰው ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ የበዛለት መጥረጊያ ይሆናል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የፊተኛው ደረቅ ወይም ያልታረሰ መንገድ ሲያገኝ የኋላኞቹ ጭቃ ውስጥ ይገባሉ።

ከካሜራው ይህን መለየት ይቻላል። ከጎማ ስር የሚሄደው መስመር ነጣ ብሎ የጠራ ነው ወይስ በጠጠር የተሸፈነ? መኪናው ከኩርባ ሲወጣ ጭራው ይንሸራተታል ወይስ ይዞ ይጓዛል? ጠጠር ላይ ሦስት ሰከንድ ያጣ ሹፌር ከሁሉ የተሻለ ነድቶ ሊሆን ይችላል። በዶራሌና በጋላፊ መካከል አንድን መንገድ በደረቅና በዝናብ፣ ባዶና ጭኖ የነዳ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

የሳፋሪ ትምህርት

ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ታላቁ ራሊ የኬንያው ሳፋሪ ነው። በ1953 ሲጀመር በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ የሚዞር ነበር። በ1973 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ሲመሠረት አብሮ ገባ፤ ከ2002 በኋላ ወጥቶ በ2021 ተመለሰ። በቀድሞው ጊዜ ውድድሩ ለትራፊክ ባልተዘጋ መንገድ ይካሄድ ስለነበር ከላይ ሄሊኮፕተር እየበረረ እንስሳና መኪና ሲያይ ሹፌሩን ያስጠነቅቅ ነበር። ዛሬ ማዕከሉ ናይቫሻ ነው። ናይቫሻ ያለችው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ይኸው ሸለቆ ወደ ሰሜን ዘልቆ ኢትዮጵያን ሰንጥቆ በአፋር በኩል ጅቡቲ ይደርሳል። የአፋርን አቧራ የዋጠ ሰው የናይቫሻን የላመ አቧራ ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። እንደ ዱቄት የደቀቀው ያ አፈር ከስሩ ያለውን ድንጋይ ይሸፍናል፤ ሞተር ያፍናል፤ የመኪናውን መስታወት በቅጽበት ያለብሳል።

የሳፋሪ ታሪክ በፉክክር የተሞላ ነው። በ1973 ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜታና ስዊድናዊው ሃሪ ካልስትሮም እኩል የቅጣት ነጥብ ይዘው ጨረሱ። አሸናፊው የተለየው ያለ ቅጣት ረጅም መንገድ በመጓዝ ነው፤ ድሉ ለሜታ ሆነ። ሜታ ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ አራት ጊዜ ደግሞ አሸንፏል። በ1974 ደግሞ ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በትንሿ ሚትሱቢሺ ላንሰር፣ ፖርሽ የያዘውን ስዊድናዊ ቢዮርን ቫልደጎርድን በለጠው። የሲንግ ዝና የመጣው ከፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ መኪናን ሳይሰብር ማድረስ ያውቅበት ነበር።

ይህ ትምህርት ዛሬም ይሠራል። በ2021 ቤልጂየማዊው ቲየሪ ኑቪል እየመራ እስከ መጨረሻው ቀን ከዘለቀ በኋላ የመኪናው የጎማ ማንጠልጠያ ተሰብሮበት ወጣ፤ ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ኦዢዬ አሸነፈ። በ2023 ኦዢዬና የቡድን ጓደኛው ፊንላንዳዊው ካሌ ሮቫንፔራ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ስቴጅ ነድተው የተለያዩት በ6.7 ሰከንድ ነው። በ2025 ድሉን የዌልሱ ኤልፊን ኢቫንስ ወሰደ። የሳፋሪን የውስጥ ምስል የሚያይ ሰው ሹፌሩ ድንገት ቀዝቀዝ ሲል «ፈራ» ለማለት መቸኮል የለበትም። ድንጋይ የበዛበትን ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ ማለፍ በዚያ አገር የአሸናፊ ውሳኔ ነው።

የፉክክር ልክ

ፉክክሩ ምን ያህል እንደሚጠብ ለማየት በ2011 የተካሄደውን የዮርዳኖስ ራሊ እናስታውስ። ዕቃ የጫነው መርከብ በመዘግየቱ የመጀመሪያው ቀን ውድድር ተሰረዘ፤ ራሊም እንደ ንግድ በወደብና በመርከብ ላይ የቆመ መሆኑን የዶራሌ ሰው ያውቀዋል። በቀሩት ቀናት ኦዢዬና ፊንላንዳዊው ያሪ ማቲ ላትቫላ እስከ መጨረሻው ስቴጅ ተናንቀው ኦዢዬ በ0.2 ሰከንድ አሸነፈ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ ወደ አምስት ሜትር ተኩል ነው፤ ከአንድ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴነር ርዝመት ያንሳል። በ2024 በሰርዲኒያ ደግሞ ኤስቶኒያዊው ኦት ታናክ ኦዢዬን ራሱን በዚያው 0.2 ሰከንድ በለጠው። እንዲህ ባለ ልዩነት አንዲት የዘገየች ማርሽ ሙሉ ራሊ ትወስናለች።

ፉክክር በአንድ ቡድን ውስጥ ሲሆን ይከብዳል። በ1995 በስፔን ካታሎኒያ ራሊ የሱባሩ አሽከርካሪዎች ኮሊን ማክሬና ካርሎስ ሳይንዝ ለዓለም ዋንጫ ይፎካከሩ ነበር። የቡድኑ ኃላፊ ዴቪድ ሪቻርድስ ማክሬ ለሳይንዝ እንዲለቅ አዘዘ። ማክሬ በመንገዱ ላይ አልታዘዝ ብሎ ቀድሞ ጨረሰ፤ በኋላ ግን የመቆጣጠሪያ ጣቢያ ላይ አርፍዶ በመግባት ቅጣት ተቀበለና ድሉ ለሳይንዝ ሆነ። በሚቀጥለው የብሪታንያ ራሊ ማክሬ ሳይንዝን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰንጠረዡን ብቻ ያነበበ ሰው በስፔን ማን ፈጣን እንደነበረ አያውቅም።

የሳይንዝ ሌላ ታሪክ የውስጡ ሕይወት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። በ1998 በብሪታንያ የመጨረሻው ስቴጅ ሊያልቅ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩ የቶዮታው ሞተር ቆመ። ናቪጌተሩ ሉዊስ ሞያ እንዲያስነሳው ደጋግሞ ለመነው፤ መኪናው አልነሳም። የዓለም ዋንጫው በመጀመሪያው ቀን ከውድድሩ ለወጣው ተፎካካሪው ለቶሚ ማኪነን ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ የተለፋበት ነገር ሲጠፋ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ያዝናሉ፤ የናቪጌተሩ ድርሻ በስርጭቱ ላይ ሲዘነጋ የሚከፋኝ ለዚህ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ግን በታኅሣሥ 2020 በጣሊያን ሞንዛ የሆነው ነው። ኢቫንስ ሻምፒዮናውን በ14 ነጥብ እየመራ መጣ፤ የሚያሰጋው የቡድን ጓደኛው ኦዢዬ ነበር። በተራራው ስቴጅ በረዶ የያዘ ቦታ ላይ ኢቫንስ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣ፤ የዋንጫ ሕልሙም በዚያው አበቃ። ከመኪናው ወርዶ ያደረገው ነገር ቢኖር ከኋላ ለሚመጣው ለኦዢዬ ፍጥነቱን እንዲቀንስ እጁን እያውለበለበ ማስጠንቀቅ ነው። ኦዢዬ ያንን ኩርባ በሰላም አልፎ ውድድሩንም ዋንጫውንም ወሰደ፤ ለኢቫንስ ጨዋነትም በአደባባይ ምስጋናውን ሰጠ። ኢቫንስ በ2025ም ኦዢዬ ዘጠነኛ ዋንጫውን ሲወስድ በአራት ነጥብ ተሸንፏል። በዚያ ድል ኦዢዬ የሴባስቲያን ሎብን የዘጠኝ ዋንጫ ክብረ ወሰን ተጋራ፤ ውድድሩ የተጠናቀቀውም ከጅቡቲ ባሻገር በቀይ ባሕር ማዶ፣ በጂዳ ነው።

ስለ አሽከርካሪዎች ፉክክር ሲወራ ጠብ ብቻ የሚፈልግ ዘገባ ይህን ታሪክ አይደርስበትም። ደጋፊ የራሱን ሹፌር መውደዱ ደግ ነው፤ ውድድሩ የሚደምቀው በዚያ ነው። የሌላውን መሰበር ማጨብጨብ ግን ስፖርቱን አለማወቅ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ተቀናቃኝህ የሚያውቀው አደጋ አንተ የምታውቀው ነው።

እንዴት እንመልከት?

ለመጀመር ርዝመቱ ከአሥር እስከ ሃያ ኪሎ ሜትር የሆነ አንድ ስቴጅ ይመረጥ። በመጀመሪያ የአንድ ሹፌር የውስጥ ምስል ሳይቆረጥ፣ ድምፁ ሳይዘጋ ይታይ። በሁለተኛ ጊዜ እጁን ብቻ እንከተል፤ በሦስተኛ ጊዜ ዓይናችንን ጨፍነን ናቪጌተሩን እንስማ። ቀጥሎ የተፎካካሪው ምስል በዚያው ስቴጅ ይታይ። አንድ የሚታወቅ ኩርባ፣ ድልድይ ወይም ጉብታ ተመርጦ ሁለቱ እዚያ ፍሬን የያዙበት ቦታ ይነጻጸር። በስቴጁ መካከል በተለያዩ ነጥቦች የሚለካው ሰዓት ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ ይጠቁማል። የመነሻ ተራቸውንና የጎማ ምርጫቸውን ካከልንበት ከብዙ ተንታኝ የማያንስ ፍርድ መስጠት እንችላለን።

አሽከርካሪዎቹ ራሳቸው የሚማሩት እንዲሁ ነው። ከራሊው በፊት ያለፈውን ዓመት የውስጥ ምስል ደጋግመው እያዩ ማስታወሻቸውን ያርማሉ። ዳኞችም አንድ ነገር ሲያከራክር የካሜራውን ቅጂ ያያሉ። ደጋፊው በዚሁ መረጃ ፊት እኩል መቀመጡ የዘመናችን ትልቅ ዕድል ነው፤ አዘጋጆች ሙሉ ምስሉን ከሙሉ ድምፁ ጋር እንዲለቁ መጠየቅም መብታችን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን ከሁሉም በላይ መያዝ አለበት። በካሜራው የምናየው ፍጥነት የሚነዳው በተዘጋ መንገድ፣ የብረት መከላከያ አጥር በተሠራለት መኪና፣ የራስ ቁርና ጠንካራ ቀበቶ ባደረጉ ሰዎች፣ ሐኪምና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ተዘጋጅቶ በሚጠብቅበት ቦታ ነው። ከዶራሌ እስከ ጋላፊ፣ ከዚያም በዲቾቶና በሎግያ በኩል እስከ ሚሌ ባለው መንገድ ላይ ከፊት ግመል፣ ሕፃን፣ የቆመ ተሳቢ ሊኖር ይችላል። ከተቀናቃኝ ጋር የሚደረግ ሩጫ እዚያ ቦታ የለውም፤ ስልክ ላይ ራሊ ማየትም መኪናው ቆሞ፣ ተራ ሲጠበቅ ወይም ዕረፍት ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ከራሊው ወደ ሥራችን ልንወስደው የምንችለው ሌላ ነገር አለ። የዓለም ምርጥ አሽከርካሪዎች መንገዱን ሳያጠኑ አይነዱም፤ ከጎናቸው ያለውን ሰው ይሰማሉ፤ ያላዩትን ኩርባ በግምት አይገቡም፤ መኪናውን ለማዳን ሲሉ ሰከንድ ይሰዋሉ። የውስጥ ካሜራው ይህን ሁሉ በግልጽ ያሳያል። ጭነቱን ዕለት ዕለት በሰላም የሚያደርስ ሹፌርም የሚከተለው ደንብ ይኸው ስለሆነ፣ ራሊን ሲያይ ከማድነቅ አልፎ የመፍረድ ሙሉ ችሎታ አለው።